ለጫካ መዋዕለ ሕፃናት የበረዶ መስኮት

በስዊድንና በኖርዌይ የጫካ መዋዕለ ሕፃናት (ልጆች ቀኑን ደጅ፣ ጫካ ውስጥ የሚውሉባቸው ናቸው) በብርዱ ወራት የሚያስቸግረው፣ ልጆች ጠዋት እንደደረሱ አንድ ቦታ ቆመው ስለሚበርዳቸው ጨዋታው ቶሎ አለመጀመሩ ነው። ለዚህም ከዋዜማው ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ በጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን አንድ ጣት ያህል ከፍታ ያለው ውኃ አፍስሱ፤ ልጆቹ ራሳቸው የለቀሙትን ቅጠል ይጨምሩበት፤ የገመድ ጫፍም ነክራችሁ ደጅ አሳድሩት። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪና ከዚያም በላይ ከቀዘቀዘ፣ ጠዋት ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል መስኮት ይሆናል። ሁሉም የየራሱን ሊያይ ስለሚሮጥ ሰውነቱ ይሞቃል፤ የቤተ መንግሥት መስተዋት ነው ወይስ የዓሣ ቤት የሚለው ክርክርም (አያልቅም!) ወዲያው ይጀመራል። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የብርጭቆ ዕቃ ይሰነጠቃልና አትጠቀሙ፤ የማታውቁትንም የዱር ፍሬ አታስገቡ፣ ልጆች በረዶውን መላሳቸው አይቀርምና።