ለኦፕን ሶርስ ባነር መፈክር ስትጽፉ

«ነጻ እና ክፍት ሶፍትዌር ይጠቀሙ!» ከጎኑ ደግሞ ፔንግዊኑ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው የሊኑክስ ምልክት። ይህን የመሰለ ባነር ያላየ የኮምፒውተር ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አላፊ አግዳሚው ግን ዞር ብሎም አያየው። ምክንያቱም «ነጻ» የሚለው ነገር እኛ ዘንድ ወሬ አይደለም። ላፕቶፕ ፎርማት የሚያደርገው ልጅ ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም ክራክ አድርጎ ጭኖለታል፤ ለሶፍትዌር ብሎ ከኪሱ ያወጣው ብር ስለሌለ «በነጻ ነው» ስትሉት «እና ምን አዲስ ነገር አለ?» ነው የሚላችሁ። «ክፍት» (ኦፕን ሶርስ፣ ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ማለት ነው) የሚለው ደግሞ ኮድ ለማይጽፍ ሰው ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ መፈክሩ ስለ ሶፍትዌሩ የአጠቃቀም ፈቃድ ሳይሆን ሰውየው ዛሬ ስለተቸገረበት ነገር ያውራ። የኦፕን ሶርስ ፍልስፍናውን ጠረጴዛው ጋ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ ታስረዱታላችሁ።

መጀመሪያ ባነሩ ፊት የሚቆመውን ሰው ወስኑ። ተማሪ ነው? የሂሳብ ሠራተኛ ናት? የኢንተርኔት ቤት ባለቤት? አንዱን ምረጡና ሄዳችሁ «ኮምፒውተርህ ላይ ምን ያናድድሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እንደተናገረው ጻፉት፣ አታሳምሩት። «ኦፊሱ በከፈትኩት ቁጥር አክቲቬት አድርግ ይለኛል»፣ «ፍላሼ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ ሾርትከት አደረገብኝ»፣ «ላፕቶፔ እስኪከፍት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል»። መፈክራችሁ ከእነዚህ ውስጥ ነው የሚወጣው።

በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ ለሚሠራው ለሊብረኦፊስ «አክቲቬት አድርጉ የማይል ኦፊስ» ብትሉ ችግሩ ያለበት ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለሊኑክስ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ላፕቶፕ ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል። «ዊንዶውስ 10 አበቃለት። ላፕቶፓችሁ ግን ገና ነው።» ይሄ ይሠራል። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ማኅበረሰብ በዚሁ ጉዳይ ላይ ባዘጋጀው ገጽ የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎችን «ስደተኞች» እያለ ይቀልዳል። አውሮፓ ውስጥ ያስቅ ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን ወንድሙ ሊቢያ ላይ የቀረበት ሰው ባነሩ ስር ሊያልፍ ስለሚችል አትሞክሩት። የሌላ አገር መፈክር ስትወስዱ ሐሳቡን ብቻ ውሰዱ።

ከውጭ መማር ከፈለጋችሁ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱን እዩት። በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መፈክሩ «ሊኑክስ ለሰው ልጆች» የሚል ነበር። ሊኑክስ የባለሙያ ብቻ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ስለ ከርነል ምናምን ሳያነሳ፣ የሰዉን ፍርሃት ነው የነካው። ቪኤልሲም አለላችሁ። ብርቱካናማውን ኮን የማያውቅ ማን አለ? ኦፕን ሶርስ መሆኑን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ሰው የወደደው ሌላው ማጫወቻ እምቢ ያለውን ፊልም ስለከፈተለት ነው። «ቪዲዮው አልከፍት አለ? በቪኤልሲ ሞክሩት» ብሎ መጻፍ ስለ ኮዱ ከሚጻፍ አንድ ገጽ ይበልጣል።

ባነሩን የምታሳዩት ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከሆነ ነገሩ ይለያል። እነሱ ቫይረስም ፍጥነትም አያስጨንቃቸውም፤ የሚጠይቁት «ሌላ ማን ይጠቀምበታል?» ብለው ነው። ለነሱ ማስረጃ ስጧቸው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ኦፕን ሶርስ ነው፤ «የአገሪቱ የጤና መረጃ በኦፕን ሶርስ ይሰበሰባል» ማለት ትችላላችሁ። የሚኒስቴሩን ሎጎ ግን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ፤ ብዙ ባነር የሚበላሸው እዚህ ነው። «አውርድ» ካላችሁ ሴቷን ረሳችኋት። «ያውርዱ» ካላችሁ የባንክ ማስታወቂያ መሰለ። ለወጣት ከሆነ እኔ «አውርዱ፣ ጫኑ፣ ሞክሩ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ጾታ አይለይም፣ አያጎነብስም፣ አይቆጣም። ለትልልቅ ሰዎች ግን ያለ ጥርጥር «ይሞክሩ» ነው። ከላይ «ጫኑ» ከታች «ይጠይቁን» የሚል ባነር ደግሞ ሁለት ሰው ተጣልቶ የጻፈው ይመስላል፤ አንዱን ያዙ።

ቃል ቆጥቡ። አምስት ስድስት ቃል ይበቃል። የአማርኛ ግስ ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለ ስለሚረዝም፣ «እንዲያስተካክሉላችሁ» ዓይነቱ አንዱ ብቻውን 728 በ90 ፒክሰል የሆነውን የድረ ገጽ ባነር ሊሞላው ይችላል። ስትጨርሱ ለማያውቀው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «ምን ማለት ነው?» ካለ ቀይሩት፣ አታስረዱት።

መዋሸት ደግሞ የለም። «ቫይረስ የማይነካው» አትበሉ፤ ሊኑክስ ላይ ያነሰ ነው እንጂ የለም አይባልም። «ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር መቶ በመቶ አንድ ነው» አትበሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ገጽ ተዛንፎበት አማካሪው ፊት ያፈረ ተማሪ ዕድሜ ልኩን ሊብረኦፊስን ሲረግም ይኖራል። «የዎርድ ፋይል ይከፍታል» በሉ፣ እውነት ነው፣ ይበቃል። ሌላውን መስደብም አያስፈልግም።

ስለ ሎጎ አንድ ነገር ልበል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ስሙና ምልክቱም እንደፈለጉ የሚያደርጉት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን ራሱ በ2006 እ.ኤ.አ. በሞዚላ የንግድ ምልክት ደንብ የተነሳ የሞዚላን ብራውዘር ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» ብሎ ለመጥራት ተገዷል፤ እስከ 2016ም በዚያው ስም ቆይቷል። የፕሮጀክቱን የሎጎ መመሪያ አንብቡ፣ ቀለሙን አትቀይሩ፣ አትለጥጡት።

ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ፊደሉን ተመልከቱ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አጽንዖት የምትሰጡት በመጠን ወይም በቀለም ነው። ከሩቅ ሲታይ ሰ እና ስ፣ ከ እና ክ እንዳይምታቱ ደፈር ያለ ፎንት ያዙ፤ የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፍራሙ ጥሩ ነው፣ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው። በሥዕል መሥሪያው ሶፍትዌር በኢንክስኬፕ ከሠራችሁ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው መፈክራችሁ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይወጣል። 85 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቋሚ ባነር ከሆነ ደግሞ ታችኛውን ግማሽ ጠረጴዛና ሰው ስለሚሸፍነው መፈክሩን ከላይ፣ ዓይን የሚያርፍበት ጋ አድርጉት።

የመጨረሻው መስመር ላይ ብዙዎቻችን በልማድ «አሁኑኑ አውርዱ» እንላለንና ኪውአር ኮድ እናስቀምጣለን። የሊብረኦፊስ መጫኛ ከ300 ሜጋ በላይ ነው፣ ኡቡንቱ ከ5 ጊጋ በላይ። የሞባይል ፓኬጅ ለሚቆጥብ ተማሪ ይህ ግብዣ ሳይሆን ወጪ ነው። መስከረም ላይ፣ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን በኋላ የሶፍትዌር ነጻነት ቀን ይከበራል። ግቢያችሁ ውስጥ የምታከብሩት ከሆነ በኪውአር ኮዱ ቦታ «ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እንጭንላችኋለን» ብላችሁ ጻፉና ፋይሎቹን ቀድማችሁ በሁለት ሦስት ላፕቶፕ ላይ አዘጋጁ።