ባዶ እጅ ወደ ባለሙያ መሄድ፦ የሶፍትዌር ፍተሻ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው ግራ ቀኙ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በእነዚያ ፎቆች ውስጥ፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚጭነው መተግበሪያ ከመለቀቁ በፊት አገላብጠው የሚፈትሹ ባለሙያዎች አሉ። ከሥራ ሲወጡ ከአንድ ተማሪ ጋር ቡና ለመጠጣት እምቢ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። ሰዓቱ የሚባክነው ከተገናኙ በኋላ ነው፤ ተማሪው አጠቃላይ ምክር ይጠይቃል፣ ባለሙያውም አጠቃላይ ምክር ይሰጣል፣ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። የፈታሽ እውቀት ግን በአብዛኛው ጥርጣሬ ነው፤ የትኛውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን እንደሚያሻ፣ የትኛውን ቁጥር አለማመን እንደሚበጅ። ይህ ደግሞ በወሬ አይወጣም፤ የሚታየው ሥራ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው።

"የትኛውን መሣሪያ ልማር?" ብሎ መጀመር

ሴሊኒየም፣ ሳይፕረስ፣ ፕሌይራይት፣ ፖስትማን፤ ፍተሻን የሚያግዙ ፕሮግራሞች ስማቸው ብዙ ነው፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሠራው ሰው አስቀድሞ "ይህ ይፈተሽ" ብሎ የወሰነውን ነው። ምን መፈተሽ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ሴሊኒየምን ቢይዝ የማይረባ ጥያቄን በፍጥነት ከመደጋገም አያልፍም።

የሚሻለው አንድ ገጽ ስልክ ላይ ከፍቶ "እርስዎ ቢሆኑ መጀመሪያ ምኑን ይነካሉ?" ማለት ነው። ገንዘብ መላኪያ ሳጥን ነው እንበል፤ የተፈቀደውም ከ5 እስከ 50,000 ብር። ጀማሪው 100 ብር ያስገባል፣ ይሄድለታል፣ ደስ ይለዋል። ባለሙያው ወደ ጠርዙ ይሄዳል፦ 4፣ 5፣ 50,000፣ 50,001። ለምን ቢሉት፣ ፕሮግራመሮች "ያንሳል" እና "ያንሳል ወይም እኩል ነው" የሚሉትን ምልክቶች እንደሚያምታቱ ይነግርዎታል። ከዚያ ሳጥኑን ባዶ ይተወዋል፣ ዜሮ ይጽፍበታል፣ ከዜሮ በታች ይጽፍበታል፣ ከሌላ ቦታ የቀዳውን ፊደል ይለጥፍበታል። ሁሉንም ቁጥር መሞከር ስለማይቻል ሙያው ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ፍተሻ ስህተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም ያለውም ለዚህ ነበር።

የጻፉትን ሪፖርት ሳይዙ መሄድ

ከሁሉም ስህተት እኔ የምከፋው በዚህኛው ነው፤ ለማረም ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያርመውምና። የስህተት ሪፖርት የፈታሹ ዋና ጽሑፍ ነው። ተማሪዎች የሚያመጡት ግን ብዙ ጊዜ "ገንዘብ በምልክበት ጊዜ መተግበሪያው ይቆማል" የሚል አንድ መስመር ነው፤ ከዚያ ምልልሱ እንዲህ ይቀጥላል።

"በየትኛው ስልክ?"
"በጓደኛዬ ስልክ ነበር፣ ጋሼ። ዓይነቱን አላስታውስም።"
"ስንት ብር ስትልኪ? በዋይፋይ ነው ወይስ በሞባይል ዳታ? ደግመሽ ስትሞክሪስ?"
"አልደገምኩትም።"
"እንግዲያው ገና አላየሽውም።"

ደህና ሪፖርት በየትኛው ስልክና በየትኛው የመተግበሪያው እትም እንደተሞከረ፣ ደረጃ በደረጃ ምን ምን እንደተጫነ፣ ምን እንደተጠበቀ፣ በምትኩ ምን እንደሆነ ይናገራል። "በአንድሮይድ 12፣ በሞባይል ዳታ፤ 500 ብር አስገብቼ 'ላክ' የሚለውን ተጫንኩ፤ መልስ ሳይመጣ ዳታውን አጠፋሁ፤ መልሼ ከፍቼ 'ላክ' ስል ከሒሳቤ 1,000 ብር ተቀነሰ፤ መቀነስ የነበረበት 500 ነው።" ይህን ያነበበ ፕሮግራመር ስልክ ደውሎ መጠየቅ ሳያስፈልገው ችግሩን ራሱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሊያየው ይችላል።

ሪፖርቱን ይዘው ሲሄዱ "ያርሙልኝ" ይበሉ። ያኔ ስለ ክብደትና ስለ ቅድሚያ የሚነሣው ክርክር ይመጣል። የባንኩ ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአንድ ፊደል ቢሳሳት የመተግበሪያውን ሥራ አያቆምም፤ ቀላል ጉድለት ነው። ቢሆንም ከነገ ጠዋት በፊት መታረም አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ሪፖርት ፕሮግራሙን የሚያቆመው ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ከባድ ነው፣ ግን ሊጠብቅ ይችላል። ይህን ልዩነት ትርጉሙን ከማጥናት ይልቅ የራስዎ ሪፖርት ላይ ሲከራከሩበት ይገባዎታል።

ከሌላ አገር የተቀዳን የፍተሻ ዝርዝር እንዳለ መውሰድ

የአዲስ አበባ ባለሙያ የትኛውንም የውጭ ኮርስ የሚያስከነዳው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎን እዚህ ላይ ያብዙ።

ቀንን እንውሰድ። ወርን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ሳጥን ጳጉሜን 3 የተወለደውን ሰው "አልተወለድክም" ይለዋል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ግን ወደ 12 ይገፋል። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ በ2019 ዓ.ም. ማብቂያም ይደገማል። ቀን የሚቀይር ሶፍትዌር ሲፈትሹ እነዚህን ቀኖች ያልያዘ ዝርዝር ዋጋ የለውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ኃላፊው "ሪፖርቱ 2 ሰዓት ላይ ይውጣ" ሲል የጠዋቱን ማለቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ የተረዳው 2 ሰዓት ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ስም ሲመጣ፣ "የቤተሰብ ስም" የሚጠይቅ ቅጽ የአያትን ስም ይወስድና ደንበኞችን በአያታቸው ተራ ይደረድራል። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ "ጸሐይ" ወይም "ጸሀይ" ተብላ ስትፈለግ ትገኛለች? ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት የማከማቻ ቦታ ይወስዳል፤ በ30 ባይት የተወሰነ ሳጥን ለእንግሊዝኛ 30 ፊደል ሲይዝ ለእኛ 10 ላይ ይቆማል። አጭር የጽሑፍ መልእክትም በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው፤ ረጅም የማረጋገጫ መልእክት ለሁለት ተቆርጦ ወጪው እጥፍ ይሆናል። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምረውን ደንበኛ ሁሉ በር ላይ ይመልሳል።

መቅዳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ትበቃለች። ከአሪያን 4 የተወሰደው ፕሮግራም በዚያኛው ሮኬት ላይ በትክክል ሠርቷል። አዲሷ ሮኬት ግን ፈጥና ስለምትጓዝ አንድ ቁጥር ከተመደበለት የ16 ቢት ማከማቻ ቦታ በላይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በተነሣች በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ጠፋች። ያ ክፍል በአዲሱ በረራ መንገድ አልተፈተሸም ነበር።

በይሉኝታ ዝም ማለት

ይህ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ባለሙያው ሲያስረዳ ሳይገባ "ገባኝ" ማለት ነው። ያልተረዱትን ማስመሰል በየትኛውም ትምህርት ይጎዳል፣ በፍተሻ ግን ሥራውን ራሱን ያፈርሰዋል፤ ፈታሽ የሚቀጠረው "ይህ አልገባኝም" እንዲል ነውና። ሁለተኛው የፕሮግራመሩን ስህተት አይቶ ማለፍ ነው፤ ታላቄ ነው፣ ደክሟል፣ ሐሙስ ማታ ነው። መውጫው አጻጻፉ ላይ ነው። "አበላሽተኸዋል" ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጠብ ይገዛል፤ "500 ብር ተልኮ 1,000 ተቀነሰ" ብሎ የሚጽፍ ግን ማንንም አልከሰሰም። ልምድ ያላቸው ፈታሾች ሪፖርታቸው ውስጥ "አንተ" የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ።

የምስክር ወረቀትን እንደ ሙያ መቁጠር

በዓለም የታወቀው፣ አይ ኤስ ቲ ኪው ቢ የተባለው የሶፍትዌር ፈታሾች የምስክር ወረቀት የመሠረት ደረጃ ፈተና 40 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 26 መመለስ ይበቃል፤ ጊዜው 60 ደቂቃ ሲሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለማይፈተን ሰው 15 ደቂቃ ይጨመራል። ስያሜዎቹን ለማወቅና የሥራ ማመልከቻን ለማጠንከር ይረዳል፤ ይውሰዱት። ባለሙያ ባገኙ ቁጥር ስለ ፈተናው እየጠየቁ ሰዓት መጨረስ ግን ኪሳራ ነው፤ የትምህርት ዝርዝሩ በነጻ ይገኛል፣ አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ብቻዎን ሊያነቡት ይችላሉ።

የአንድን ሰው ልማድ እንደ ሕግ መያዝ

ባንክ ውስጥ ያደገ ፈታሽ እያንዳንዱን ፍተሻ በሰነድ ይመዘግባል፤ ኦዲተር ይመጣበታልና። አምስት ሰው ያለበት ጀማሪ ድርጅት ውስጥ ያለው ደግሞ በየቀኑ አዲስ እትም ስለሚለቅ ሰነድ አይወድም። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። ሁለቱንም ያግኙ፣ "ለምን?" ብለው ይጠይቁ።

ያለፈቃድ በሰው ሥርዓት ላይ መለማመድ

ባለሙያውን ለማስደነቅ ሲል ሌሊት የአንድ ባንክ ወይም የመንግሥት አገልግሎት ገጽ የሚነካካ ተማሪ አለ። ይህ ድፍረት ቢመስልም ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ "እየተማርኩ ነበር" ማለትም መከላከያ አይሆንም። የደንበኞችን እውነተኛ ስምና ሒሳብ ለልምምድ መቅዳትም በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያስጠይቃል። አንድ ባለሙያ ከመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ መረጃ ቢያቀርብልዎት እንኳ አይቀበሉ፤ የተፈበረከ ስምና ቁጥር ለፍተሻ ይበቃል። ልምምድ የሚፈልግ ሰው ሆን ተብሎ ቀዳዳ እንዲኖረው የተሠራውንና በነጻ የሚገኘውን ኦዋስፕ ጁስ ሾፕ የተባለ የመለማመጃ ድረ ገጽ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ እስኪጠግብ ይስበረው፤ ያገኘውንም በሪፖርት ጽፎ ለሚቀጥለው ቡና ይያዘው።