ከረዥም ሩጫ በኋላ የሚይዘኝን ማቅለሽለሽ እንዴት እንዳስወገድኩት

ለወራት ያህል ከረዥም ሩጫ በተመለስኩ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጥ ነበር። ከጅማ ከተማ ተነስቼ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ስወጣ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ደግሞ ጉልበቴን ይዤ አጎነብሳለሁ።

መጀመሪያ የውሃ ጥም ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ እንደገባሁ አንድ ሊትር ውሃ ሳልተነፍስ እጨልጥ ጀመር። ባሰብኝ። እናቴ «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ጠጣ» ስትለኝ አልሰማኋትም፤ ልክ ነበረች።

በብርቱ ሩጫ ጊዜ ደም ከሆድ ዕቃ ይልቅ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ጨጓራ ሥራው ይቀዘቅዛል። እኔ ግን ከመውጣቴ አንድ ሰዓት በፊት በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ እበላ ነበር! ቅባት ደግሞ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም።

አሁን ከሩጫው ሦስት ሰዓት ቀድሜ እበላለሁ፤ ማልጄ ከወጣሁ አንድ ሙዝ ይበቃኛል። በባዶ ሆድ የምጠጣውን ቡና፣ ለጅማ ሰው ቀላል ባይሆንም፣ ከሩጫ በኋላ አደረግሁት። ዳገቱንም እያወራሁ መሮጥ በምችልበት ፍጥነት እጀምራለሁ።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ አጨራረሱን መለወጤ ነው። ድንገት አልቆምም፤ 10 ደቂቃ እራመዳለሁ። ከዚያ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ስኳር የገባበትን ውሃ በትንሽ በትንሹ እጎነጫለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ። ትውከቱ ደም ከቀላቀለ፣ ደረት ከታመመ ወይም ራስን ከሳተ ግን ይህን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።