የናፍጣ መኪናችሁ የጭስ ማጣሪያ መብራት ሲበራ፣ ማጣሪያውን ቆርጣችሁ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ መርምሩ

ጓደኛዬ ጭንቅ ብሎት ደወለልኝ። ፒካፑ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላይ ጉልበት አጥታ ቆማለች። የጭስ ማጣሪያው መብራትም በርቷል። መካኒኩ ደግሞ "አቦ፣ ቆርጠን እናውጣውና ተገላገል" ብሎታል። "እስክመጣ እንዳታስነካት" አልኩት። ማጣሪያው ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ናት።

ማጣሪያው እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ነው። ከናፍጣው የሚወጣውን ጥላሸት ይይዛል። ሲሞላበት መኪናዋ ተጨማሪ ናፍጣ ረጭታ ውስጡን ወደ 600 ዲግሪ ታደርስና ጥላሸቱን ታቃጥለዋለች፣ ጽዳት የምንለው ይህንን ነው። ለዚህ ታዲያ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ መነዳት አለባት። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ እየተመላለሰች የምትውል መኪና ይህን ዕድል አታገኝም። ሥራው ሳያልቅ ቁልፍ ይጠፋል፣ ጥላሸቱ ይከማቻል።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። መኪናዋ በቅርቡ ረጅም መንገድ ሄዳለች? ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፋኑ ይጮሃል? ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከወትሮው ከፍ ይላል? እንዲህ ከሆነ ጽዳቱ በተደጋጋሚ እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ገና ከበራና ጉልበቷ ካልቀነሰ፣ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ዳገት ዝቅ ባለ ማርሽ ማስወጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነዳጅ ግን ሙሉባት። ብዙ መኪኖች ነዳጅ ሲያንስ ጽዳቱን አይጀምሩም። ቀይ መብራት ከበራ ወይም ጉልበት ከጠፋ ደግሞ ዳገቱን አትሞክሩት።

ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን እዩ። ሜዳ ላይ አቁሟት፣ ዘንጉን አውጡና ጥረጉ፣ መልሳችሁ ለኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ፣ በተቋረጡት ጽዳቶች የተረጨው ናፍጣ ወርዶ ተቀላቅሎበታል። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ዘይት ቀይሩ።

አሁን ወደ ኋላ ዙሩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነጭ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ የጭስ ማውጫውን አፍ ከውስጥ ጥረጉ። ጤነኛ ማጣሪያ ያላት መኪና ጨርቁን እምብዛም አታጠቁረውም፣ ግራጫ አቧራ ቢወጣ ነው። ጨርቁ እንደ ምጣድ ቂጥ ከጠቆረ ማጣሪያው ተሰንጥቋል፣ ወይም ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ውስጡን አስወጥቶታል። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይህን አድርጉ።

ከዚህ በኋላ መኪና ላይ የሚሰካ የምርመራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የስህተት ኮዱን አንብቡ፣ ግን ኮድ ፍርድ አይደለም። ፒ2463 ጥላሸት በዝቷል ይላል፣ ለምን እንደበዛ አይነግራችሁም። ፒ2453 ደግሞ የግፊት ሴንሰሩ ንባብ አያስኬድም ማለት ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩን በዓይን ማየት ነው። ሴንሰሩ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ይለካል። ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ካልሆነ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው ጥፋተኛው። ከዚያ አስነሱ። ንጹሕ ማጣሪያ ሚኒሞ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኪሎፓስካል አይበልጥም። ነዳጅ ስትሰጧት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ስትለቁ ይወርዳል። ሚኒሞ ላይም ከፍ ብሎ፣ ሲረገጥ የሚፈናጠር ከሆነ በእርግጥ ተደፍኗል። ሲረገጥም ፍንክች የማይል ከሆነ ወይ ቱቦ ተቀዷል፣ ወይ ማጣሪያው ባዶ ነው።

የጓደኛዬ መኪና ፍንክች አላለችም። ኮፈኑን ከፍተን ከሴንሰሩ የሚወርዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በጣት ዳሰስን። አንደኛው ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከታች የጭስ ማውጫው ግለት፣ ከላይ የድሬ ሙቀት፣ ጎማ የት ይችለዋል! ሙቀት የሚችል ቱቦ ተተካ፣ ኮዱ ጠፋ፣ ጉልበቷ ተመለሰ።

በእርግጥ ተደፍኖ ከተገኘስ? ጥላሸቱን ያበዛውን ፈልጉ። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ አየር የሚያፈስ ቱቦ፣ ሞተሩ እንዳይሞቅ የሚያደርግ ክፍት የቀረ ቴርሞስታት። ያ ሳይጠገን ማጣሪያ ማጽዳት በቀዳዳ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው። ምክንያቱ ከተጠገነ በኋላ በኮምፒውተር አስገድዶ ማጽዳት ይቻላል። ደጅ፣ ከደረቅ ሣር ርቃችሁ አድርጉት፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ግለት እሳት ያስነሳል። ጥላሸቱ ከልክ ካለፈ ግን አታስገድዱት፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ ወይም ይቀልጣል። ጥላሸት ይቃጠላል፣ ከዘይት የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም። ብዙ ኪሎሜትር የሄደች መኪና ማጣሪያዋ ወልቆ መጽዳት አለበት። ማጣሪያ ላላት መኪና አመዱ ያነሰ፣ ሲ3 የሚል ምልክት ያለው ዘይት ተስማሚ መሆኑን መመሪያው ላይ አይታችሁ ግዙ።

የቤንዚን መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ በ2018 አካባቢና ከዚያ ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የወጡ ብዙ የቤንዚን መኪኖችም ማጣሪያ አላቸው። የቤንዚን ጭስ ስለሚግል ቶሎ አይደፈንም። ከደንገጎ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ የሚገባው አየር ጥላሸቱን ያቃጥለዋል።

ቆርጦ ማውጣት የሚባለውን በፍጹም አልደግፍም። ያ ጥቁር ብናኝ የሚሄደው መጋላ መንገድ ዳር ዘርግታ ወደምትሸጠዋ እናት ሳንባ ነው። ጥገናው ሲያልቅ የሚኒሞውን የግፊት ንባብ ከኪሎሜትሩ ጋር ደብተር ላይ ጻፉት፣ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ቀን እንደገና አስነብባችሁ አስተያዩ።