በስልክ ስንጽፍ ቃላችንን ከራስ-ሰር ማረሚያ እንዴት እንጠብቅ?

የስልክ ኪቦርድ ጸሐፊው ሳይጠይቀው ቃል ይለውጣል፤ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ሳያስተውል ይልከዋል። የሥራ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የሐዘን መግለጫ ሳይቀር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነበብ መውጣቱ እየተለመደ መጥቷል። ከስሕተቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ «ገብቷቸዋል እኮ፣ ምን ችግር አለው?» የሚለው መልስ ነው፤ አንባቢው ጸሐፊው ሊያርመው ይገባ የነበረውን በራሱ ድካም እያረመ እንዲያነብ ይፈርድበታልና። ማረሚያውን መግራትም ሆነ የራስን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማየት ግን ማንም ሊለምደው የሚችል ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የማረሚያውን አሠራር መረዳት ይጠቅማል። መሣሪያው የጻፉትን ቃል በመዝገቡ ከያዛቸው ቃላት ጋር ያስተያያል፤ ስንት ፊደል ቢጨመር፣ ቢቀነስ ወይም ቢቀየር ከሌላ ቃል ጋር እንደሚገጥም ያሰላል፤ ከዚያም ሰዎች አዘውትረው የሚጽፉትንና ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ጋር የሚሄደውን ይመርጣል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፍሬድ ዳሜራው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት ከፊደል ግድፈቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአንድ ፊደል መሳሳት፣ መጉደል፣ መትረፍ ወይም ከሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ መለዋወጥ እንደሚመጡ አሳይቷል። የዛሬዎቹ ማረሚያዎች እጅግ ቢራቀቁም የሚሠሩት በግምት ነው፤ ጸሐፊው ሊል የፈለገውን አያውቁም። «መኪናውን ለወንድሙ ሰጠው» ለማለት «ሸጠው» ብለው ቢጽፉ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ምንም ምልክት ላያሳዩዎት ይችላሉ። በአንጻሩ «ስላላስተላለፍንላቸውም» የሚለውን የመሰለ ቃል፣ አንዱ ግሥ በቅድመ ቅጥያና በድኅረ ቅጥያ ስፍር ቁጥር የሌለው መልክ ስለሚይዝ፣ ከመዝገቡ ላያገኙት ይችላሉና ቀይ መስመር ያሰምሩበታል። ስለዚህ ቀዩ መስመር የስሕተት ማረጋገጫ አይደለም፤ አለመኖሩም የትክክለኛነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ቀጥሎ ኪቦርዱን ያስተካክሉ። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው የእንግሊዝኛውን ማረሚያ ራሱ ይጋብዘዋል፤ መሣሪያው የማያውቀውን የአማርኛ ቃል ሁሉ ወደሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቃል ይጎትተዋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መስፈርት) ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በራሳችን ፊደል ላለመጻፍ የሚያበቃ ምክንያት እየጠፋ ሄዷል፤ ስለዚህ የአማርኛ ኪቦርድ ይጨምሩ፣ ቋንቋ ሲቀይሩም ኪቦርዱን አብረው ይቀይሩ። ከዚያ በጂቦርድ (በጉግል ኪቦርድ) «ቴክስት ኮሬክሽን» በሚለው ሥር፣ በአይፎን ደግሞ «ሴቲንግ»፣ «ጀነራል»፣ «ኪቦርድ» በሚለው መንገድ ገብተው ቃልን በራሱ የሚቀይረውን ምርጫ ያጥፉ። የቃል ጥቆማውን ግን ይተዉት፤ ሐሳብ ሲያቀርብ ምርጫው የእርስዎ ሆኖ ይቀራልና። የሰው ስም፣ የቦታ ስምና የሙያ ቃል በግል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያስገቡ። አንድ ጊዜ ተሳስተው የጻፉትን ቃል ኪቦርዱ ተምሮ ደጋግሞ የሚያቀርብልዎ ከሆነ፣ በጂቦርድ ጥቆማውን ተጭነው ይዘው ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ምልክት በመጎተት ማስወገድ ይችላሉ።

እንደ «ሠ» እና «ሰ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነው ስለ ሞክሼ ፊደላት ክርክሩ ረጅም ነው፤ እኔ የምመክረው አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት አንዱን አጻጻፍ መርጦ እንዲጸናበት ነው። ለኮምፒዩተር «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱንም የቀላቀለ ጸሐፊ በኋላ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። ትርጉም በሚለይበት ቦታ ግን ልዩነቱን መጠበቅ ይገባል፤ ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ» ነው፣ «ሰአሊ» ግን የልመና ቃል ነው። ፀሐይ «ሠረቀች» ሲባልም በ«ሠ» ነው፤ በ«ሰ» ከተጻፈ ሌብነት ይሆናል። አራት ነጥብም አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመደርደር ሲሠራ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ መልሶ ማንበብ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜዎን አይቆጥቡ። ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ወዲያው ሲያነብ ዐይኑ የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የማያስቸኩል ከሆነ ጥቂት ቆይተው፣ ቢቻል ፊደሉን አጉልተው ያንብቡ። ጮክ ብሎ ማንበብ ለአማርኛ በተለይ ይረዳል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ለሁለት ንባብ የተጋለጠ ዓረፍተ ነገር በጆሮ ሲሰማ ይገለጣል። በመጀመሪያው ንባብ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና ቀኖችን ብቻ ይመርምሩ፤ ማረሚያው ከምንም በላይ የሚያበላሸው ስሞችን ነው። በሁለተኛው ንባብ ግሦቹን አንድ በአንድ ይዩ። የባለቤቱ ጾታና ቁጥር ከግሡ ጋር ይስማማል? አሉታው አልወደቀም? «አልተፈቀደም» እና «ተፈቅዷል» በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ቦታ ቢለዋወጡ የሚከተለው ጉዳት የፊደል ግድፈት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ለሌላ ሰው ያሳዩ፤ የሚያሳዩት ሰው ስለ ጉዳዩ ቀድሞ ባያውቅ ይመረጣል።

ስሕተቱ ከተላከ በኋላ ከታየ ዝም አይበሉ። ዋትስአፕ ከተላከ በኋላ እስከ 15 ደቂቃ፣ ቴሌግራም በግል ውይይቶች እስከ 48 ሰዓት ድረስ መልእክትን ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። ግድፈቱ ፊደል ብቻ ከሆነ አስተካክሎ መተው ይበቃል። ቀን፣ ቦታ፣ የገንዘብ መጠን ወይም አሉታ ተለውጦ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ያነበቡ ሰዎች እርማቱን ላያዩት ስለሚችሉ፣ የተሳሳተው ምን እንደነበረና ትክክለኛው ምን እንደሆነ የሚገልጽ ሌላ መልእክት ለሁሉም ይላኩ።