ደንና ረግረግ ከጎልፍ ሜዳ ጋር ሲመዘኑ ሚዛኑ የሚሳተው የት ነው?

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚደፈነውን መሬት ብቻ መቁጠር ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሸቦይገን ከተማ በስተደቡብ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ኮለር ኩባንያ ባለ 18 ጉድጓድ ጎልፍ ሜዳ ልሥራ ያለበት መሬት 247 ኤከር (100 ሄክታር ገደማ) ደንና የአሸዋ ክምር ነው። ከዚህ ውስጥ የሚደፈነው ረግረግ 3.69 ኤከር ነበር። ከመቶ አንድ ተኩል! ወረቀቱን የሚያይ ጀማሪ «ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» ማለቱ አይቀርም።

ረግረግ ግን የሚኖረው ከዙሪያው በሚመጣለት ውሃ ነው። ዛፎች ከአፈር የመጠጡትን ውሃ በቅጠላቸው ያተናሉ፤ ሲቆረጡ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታ ይለወጣል፣ ጥላውም ይጠፋል። ከሣሩ ሥር የሚቀበረው ማፋሰሻ ቱቦ ደግሞ ውሃውን ይስባል፤ የመስኖው ጉድጓድም ከዚያው ይቀዳል። ማዳበሪያውንም አትርሱ፦ አሸዋ ናይትሬትን (ከማዳበሪያ የሚወጣውን የናይትሮጅን ውህድ) አይዝም፣ ዝናብ ሲወርድበት አጥቦ ወደ ታች ያሰርገዋል። ድሃ አፈር የለመዱት ብርቅዬ ተክሎች ምግብ ሲበዛባቸው በፊላና በሸምበቆ ይዋጣሉ። አንዲት አካፋ አፈር ያልተደፋበት ረግረግ በዚህ መንገድ ይሞታል።

ኮለር በሸቦይገን ያቀረበው ክርክርም እዚህ ላይ ነው የተሰበረው። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ረግረጉን መድፈኛ ፈቃድ ሰጠ፤ በመጋቢት 2019 የአስተዳደር ዳኛ (የመሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ የሚመረምር ዳኛ) ሻረው። የማዳበሪያና የጸረ ተባይ አጠቃቀሙ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ነገር ሳይጣራ ፈቃድ ተሰጥቷል የሚል ነው ምክንያቱ። በይግባኝ ያየው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው። ስለዚህ «ስንት ኤከር?» ብሎ ማቆም አይበቃም። በሔክታር በዓመት ስንት ኪሎ ናይትሮጅን ይጣላል? ቱቦው የሚተፋው የት ነው? በቀን ስንት ውሃ ይሳባል? ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የውሃ ከፍታ ልኬት አለ ወይ?

ሌላው ስህተት በደረቅ ወቅት ሄዶ «ውሃ የለም፣ ረግረግ አይደለም» ማለት ነው። የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ ተክሉ፣ አፈሩ፣ የውሃው ምልክት። 30 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍሩ፤ አፈሩ ግራጫ ሆኖ በሥሮቹ መንገድ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካለበት ውሃ እዚያ ረጅም ጊዜ ተኝቷል ማለት ነው። በጸደይ ሞልተው በበጋ የሚደርቁ ኩሬዎች እንዲያውም ዋጋቸው በመድረቃቸው ነው፦ ዓሣ ስለማይኖርባቸው የእንቁራሪት እንቁላል አይበላም።

«የጎልፍ ሜዳው ሣርም እንደ ደኑ አረንጓዴ ነው» ለሚል መልስ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ስህተት፦ ካሳውን ማስቀደም። ቅደም ተከተሉ ማስቀረት፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ በመጨረሻ ማካካስ (የጠፋውን ረግረግ በሌላ መተካት) ነው፤ ሰው ግን በሦስተኛው ይጀምራል። ኩሬ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ረግረግ መሥራት አይደለም። በአሸዋ ክምሮች መካከል ያለውን ረግረግ ሐይቁ በሺህ ዓመታት ነው የሠራው፤ ኤክስካቫተር አይደግመውም።

አራተኛው፦ በፌዴራል ሕግ ብቻ መተማመን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር ላይ ላዩን ያልተያያዘ ረግረግን ከንጹህ ውሃ ሕጉ ጥበቃ አውጥቶታል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። የግዛቱን ሕግ ማወቅ ግድ ነው። ክስ ከመመሥረትም በፊት የትኛው ሕግ ለከሳሹ መብት እንደሚሰጥ መጣራት አለበት፦ ለዚሁ ጎልፍ ሜዳ ሲባል በተደረገ የስቴት ፓርክ መሬት ልውውጥ ላይ ክስ ያቀረቡት ተቃዋሚዎች በ2022 በዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወደቁት የጠቀሷቸው ሕጎች የመክሰስ መብት አይሰጧችሁም ተብለው ነው።

አምስተኛው፦ የሥራ ዕድሉን ቃል ከተረጋገጠ ጥፋት እኩል መመዘን። ስኮትላንድ ውስጥ በአበርዲን አቅራቢያ ለዶናልድ ትራምፕ ጎልፍ ሜዳ በ2008 ሲፈቀድ 6,000 ሥራና ባለ 450 ክፍል ሆቴል ይመጣል ተብሎ ነበር። ሜዳው በ2012 ተከፈተ። የአሸዋ ክምሩ ግን እጅግ በመጎዳቱ ልዩ የጥበቃ ስያሜው በታኅሣሥ 2020 ተነሣ፤ ያኔም ሆቴሉ አልተሠራም። ቡልዶዘር የሚገባው መጀመሪያ ነው፣ ሥራው የሚመጣው ኋላ። የቃሉ አፈጻጸም በፈቃዱ ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ካልተጻፈ ከሚዛኑ ይውጣ።

ተቃዋሚዎችም ጎልፍን በጅምላ በመስደብ ራሳቸውን ይጎዳሉ። በተራቆተ እርሻ ወይም በአሮጌ የጠጠር ካባ ላይ የተሠራ ሜዳ ከነበረው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ካርታ ይዛችሁ ቅረቡ፦ እነዚህ ሦስት የጎልፍ ጉድጓዶች ወደዚህ ይዙሩ፣ በረግረጉ ዙሪያ ቢያንስ 30 ሜትር የማይታጨድና የማይረጭ ጠርዝ ይቀመጥ። ይህንንም በቃል ብቻ አትናገሩት፤ የአስተያየት መቀበያው ጊዜ ገደብ ሳያልፍ ለፈቃድ ሰጪው በጽሑፍ አስገቡ፣ ዳኛ የሚያየው መዝገቡ ውስጥ ያለውን ነው።