የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ደብተሩን ዝጉት

አንድን ምዕራፍ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ያወቅነው ያስመስለናል እንጂ ፈተና ላይ ብዙም አያግዝም። ይልቅ አንዴ በደንብ አንብቡና ደብተሩን ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡና ያስታወሳችሁትን ሁሉ፣ ፎርሙላውንም ሥዕሉንም፣ ሳታዩ ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙሉት። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ግማሹ ገጽ ቀይ ሲሆን ደንግጬ ነበር፣ ግን የማላውቀውን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ እሱ ነው። በማግስቱ ድገሙት፣ ከሦስት ቀን በኋላም፣ ከሳምንት በኋላም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የተማርነውን ቶሎ እንረሳለን፤ በየጊዜው ከፋፍለን ስንከልሰው ግን ይቆያል።

እንቅልፍ ላይ አትቆጥቡ። በእናንተ ዕድሜ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ነው።

ደግሞ በፈተና ሰበብ ጓደኞቻችሁን አትራቁ፣ እውነቴን ነው። በየቀኑ አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ የምትስቁበት ጊዜ ሊያልቅ ምን ቀረው? በሳምንት አንድ ከሰዓት ለጨዋታ ብቻ ተዉ። የጥናት ፕሮግራማችሁ ላይም እንደ ሒሳብና ፊዚክስ በግልጽ ጻፉት፣ ያን ቀን ደብተር ይዞ የሚመጣ ካለ ቦርሳውን ቀሙት።